በትርፍ ቤት አዋጁ የተነካውን ሰው በግራፍና በካርታ እንዴት ማሳየት ይቻላል

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ስለ ቤቶቹ መወረስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ቤቱ ነው። በኪራይ ገቢ የምትኖር ባልቴት፣ በዚያው ገቢ የሚማር ልጅ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኪራዩ የቀነሰለት ተከራይ ከቆጠራው ይቀራሉ። እነሱን ለማሳየት ሥራው መጀመር ያለበት ከሰንጠረዡ ነው።

1. ሁለት ሰንጠረዥ ይክፈቱ

በአንደኛው እያንዳንዱ መስመር አንድ ቤተሰብ፣ በሁለተኛው አንድ ቤት ይሁን። ሁለቱን በመለያ ቁጥር (ለምሳሌ ቤ001) ያያይዙ። ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ከገባ ሦስት ቤት የተወረሰበት ቤተሰብ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል፤ የተጎጂው ቁጥርም ያለአግባብ ያብጣል። ተከራዮችንም በቤተሰብ ሰንጠረዡ ያስገቡ፤ ያለ እነሱ ሥዕሉ ግማሽ ነው።

በቤት ሰንጠረዡ የወር ኪራዩን፣ ቤቱን ማን እንደተረከበውና የተወሰደበትን መንገድ ይመዝግቡ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ይሰጡ ስለነበር፣ የ40 ብር ቤት በኪራይ ቤቶች ስም ከተጻፈ ተመልሰው ያጣሩ። «በአዋጁ የተወረሰ» እና «ከአዋጁ ውጭ የተወሰደ» የሚሉትን በፍጹም አይደባልቁ። አዋጁ አንድ መኖሪያ ቤት ለባለቤቱ ይተው ነበር፤ ከሕጉ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶችን ለማጣራትም በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110 ወጥቷል።

2. ቃልና ሰነድ ይሰብስቡ

የርክክብ ወረቀት፣ የኪራይ ውልና የግብር ደረሰኝ ካለ ፎቶ ያንሱ። ባለታሪኩን ሲጠይቁ ጥያቄው የሚቆጠር መልስ ያለው ይሁን፦ ከአዋጁ በፊት በወር ስንት ብር ይገባ ነበር? ከዚያ ውስጥ ከኪራይ ስንት? በኋላ ማን ሥራ ገባ? ማን ትምህርት አቋረጠ? ማን ወዴት ሄደ? ከእያንዳንዱ መልስ ጎን «ሰነድ»፣ «ራሱ ያየው» ወይም «የሰማው» ብለው ይጻፉ።

ዓመቱ የጠፋባቸውን አረጋውያን በታወቀ ነገር ያስታውሷቸው፦ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ትልቁ ስህተት የሚመጣው እዚህ ነው። በ1969 ወይም በ1970 የተሰደደ ልጅ ቤቱ ስለተወረሰ ብቻ ሳይሆን ቀይ ሽብርን ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የሄደበት ምክንያት፣ ቤተሰቡ እንደሚለው» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ያለዚህ ዓምድ ግራፉ የዘመኑን መከራ ሁሉ በአንድ አዋጅ ላይ ይጭናል።

3. ያጽዱ

የስም አጻጻፍ ያስቸግራል፤ ኃይሉና ሐይሉ፣ ፀሐይና ጸሀይ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን ለማመሳከሪያ ብቻ በተለየ ዓምድ ወደ አንድ ያምጧቸው፤ የመጀመሪያውን አጻጻፍ አይንኩ። የፈረንጅ ቀን ያለበትን ሰነድ ሲቀይሩ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት መሆኑን ያስቡ። ፋይሉን ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደል ኮድ አሠራር ይምረጡ፤ አለበለዚያ ኤክሴል አማርኛውን ያበላሸዋል።

ብሩን ወደ ዛሬ ዋጋ አይቀይሩ። በጊዜው አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ በዛሬው ምንዛሪ ቢሰላ የሚወጣው ቁጥር ስለዚያ ቤተሰብ ኑሮ ምንም አይናገርም። የኪራዩን ድርሻ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ያስሉ።

4. ሥዕሉን ይምረጡ

ለገቢ ለውጥ ከሁሉ የሚሻለው ተዳፋት መስመር ነው፦ በግራ የ1966፣ በቀኝ የ1968 ገቢ፣ በመካከል ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ መስመር። ባለቤቶችን በአንድ ቀለም፣ ተከራዮችን በሌላ ቀለም ያድርጉ። የወረደውም የወጣውም በአንድ ዓይን ይታያል፤ አማካይ ግን ሁለቱን አጣፍቶ «ለውጥ የለም» ሊል ይችላል። ዳታራፐርና ፍለሪሽ የተባሉት የኢንተርኔት ግራፍ መሥሪያዎች ይህን ያለ ኮድ ይሠራሉ።

ቤተሰቦቹ ጥቂት ከሆኑ በመቶኛ አይጻፉ፤ አንድ ነጥብ ለአንድ ቤተሰብ ይስጡ። መልስ ያልተገኘለትን በግራጫ «ያልታወቀ» ብለው ያሳዩ እንጂ ዜሮ አያድርጉት። ለካርታ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ይበቃል፤ የቀበሌ ወሰን ደጋግሞ ስለተቀየረ ግን የዛሬውን ወረዳ በ1967 መረጃ ላይ አይጫኑ፤ በሰፈር ስም ይሂዱ።

5. ከመለጠፍዎ በፊት

በተወረሱት ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖራል፤ የባለቤትነት ክርክር ያለባቸውም አሉ። የቤት ቁጥርና ስም ከሥዕሉ ያስወግዱ፣ ነጥቡን ወደ ሰፈሩ መሐል ያዛውሩ፣ ከ5 ቤተሰብ በታች ያለበትን ሰፈር ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቅሉ። ሥዕሉን በኤ3 ወረቀት አትመው መረጃ ለሰጡት ቤተሰቦች ያሳዩ፤ መስመራቸውን በጣት ጠቁመው «ይሄ ልክ አይደለም» የሚሉትን ያርሙ። ፊደሉ በፒዲኤፍ ወደ ባዶ ሳጥን ከተቀየረ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ከፋይሉ ጋር አብረው ይክተቱ።