ለታማሚ ሰላጣ ስትሠሩ የምታበላሹት

ድሬ ላይ በግንቦት ሙቀት "ትኩስ ሾርባ ጠጣ" ቢሉት ጤነኛውም ፊቱን ያዞራል። ጨጓራው የተቆጣ ሰውማ ምግብ ሲያይ ራሱ ያስጠላዋል። ሐኪም ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ሎሚ ለከለከለው ሰው እኔ የምሠራው ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ሰላጣ ነው። ካሮት፣ ዝኩኒ፣ ድንች፣ ጠብታ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው። በቃ። ይህንንም አስታማሚዎች ያበላሹታል።

ሰላጣ ሲባል ጥሬ ይመስላቸዋል። ከቀፊራ ገበያ ጠዋት የገዛችሁት ቅጠል ምንም ቢያምር ለጊዜው ለእናንተው ይሁን። ካሮቱን ላጡና በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት እስኪፈርስ ቀቅሉት። ዝኩኒ ቶሎ ስለሚበስል መጨረሻ ይግባ። አንድ ላይ ከከተታችሁት ካሮቱ ሳይበስል ዝኩኒው ይሟሟል።

በወንፊት አጥልሉት። ያለዚያ የቀዘቀዘ ወጥ ነው የምታቀርቡት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ድስቱን ከነክዳኑ ጠረጴዛ ላይ ትተው "ሲበርድ ፍሪጅ አስገባዋለሁ" የሚሉ አሉ። አቦ፣ የት ነው የሚበርደው? ቤቱ ራሱ 35 ዲግሪ ነው! የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። እኛን ብዙውን ጊዜ የሚመለከተን ሁለተኛው ነው። ይህን ስነግራቸው ደግሞ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ ሙሉውን ድስት እየተንፈቀፈቀ ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል። ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ተህዋሲያን የሚወዱትም ያንኑ ነው። አትክልቱን ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጉት። ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳፋ ላይ አስቀምጡት። እንፋሎቱ ሲጠፋ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት።

እኔስ? እኔም ተሳስቻለሁ። አማቴን ሳስታምም ከሰዓቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ማታ መጣ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሰላጣ ሲነካ ቀዝቅዟል፣ ሽታም የለው። አበላኋቸው። ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አደረ። ጠዋት ዓይናቸውን ገልጠው "ልጄ፣ ምን አበላሽኝ?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ለ4 ሰዓት ያህል ከጠፋ ሳልቀምስ እደፋዋለሁ። ቀምሶ ማወቅ አይቻልም፤ የሚያሳምም ምግብ ሁሉ አይሸትም።

በረዶ ከላይ አትጨምሩ። ከምን ውሃ እንደተሠራ ታውቃላችሁ?

ቀይ ስር የምታስገቡ ደግሞ ለታማሚው አስቀድማችሁ ንገሩት። አንዲት ልጅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እያለቀሰች ደወለችልኝ። "እትዬ፣ አባዬ ሽንት ቤት ደም ወጣው!" ቀን ምን እንደበላ ስጠይቃት አንድ ሳህን ሙሉ ቀይ ስር። የቀይ ስር ቀለም ሽንትንም ሰገራንም ሊያቀላ ይችላል። ግን ይህን ይዛችሁ ደግሞ እንዳትዘናጉ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ደም ካስመለሰው፣ ለእኔ መደወል ሳይሆን በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። የምትጠራጠሩ ከሆነም እንደዚያው።

ጠያቂዎችንም ጠብቁ። ሙዝና ጁስ ይዘው ይመጣሉ፣ ሰላጣውን በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳሉ፣ "ውይ፣ ይሄማ ምንም አይጥምም!" ይላሉ። እናንተ ቡና ልታፈሉ ስትነሱ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ቃሪያ ተከትፎበት ታገኙታላችሁ። በፍቅር ነው፣ ወላሂ። ታማሚው ግን ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ይቀመጣል። አቼቶም ከሎሚ አይሻልም። ጣዕም ከፈለገና እርጎ ከተስማማው አንድ ማንኪያ እርጎ ጣል አድርጉበት።

ደግሞ ይህን ሰላጣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ጎረቤት እንዳታሻግሩ። ድንች ፖታስየም አለው፤ ፖታስየም ለተከለከለ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሰጥም።

ከፍሪጅ እንደወጣ አታቅርቡት፤ አሥር ደቂቃ ይቆይ። አማቴ አሁን ድነዋል፣ ሰላጣውን ግን ወደውታል። ማንኪያውን ከማንሳታቸው በፊት ግን እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል፦ "ልጄ፣ ዛሬ መብራት ሄዶ ነበር?"