የሮቶ ውሃ ጠቋሚ እንዴት ይሠራል? ለትምህርት ቤት የፈጠራ ሥራም ለቤትም

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ የሚታወቀው ወይ መሰላል ተወጥቶ ነው፣ ወይ ጎኑን እያንኳኩ ድምፁን በማዳመጥ። እዚህ የምናሳያችሁ መሣሪያ የውሃውን ከፍታ በድምፅ ይለካል፤ ሮቶው ሲጎድልና ሲሞላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ይጮሃል። ለፈጠራ ሥራ ውድድር ይበቃል፤ ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ግን ካርቶን ውስጥ አይገባም፣ ቤት ይሰቀላል። ኮዱ ቀላሉ ክፍል ነው። ሥራውን የሚያበላሹት እንፋሎት፣ የሴንሰሩ አቀማመጥና ሽቦው ስለሆኑ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለእነሱ ነው።

ዕቃዎቹ

አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ከነኬብሉ ያስፈልጋል፤ ኦሪጅናሉ ከተወደደባችሁ ኮፒውም ይሠራል። ለሮቶው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባለው ውሃ የማያስገባ አልትራሶኒክ ሴንሰር፣ ጠረጴዛ ላይ ለመሞከር ደግሞ ርካሹ ኤችሲ-ኤስአር04። ብሬድቦርድ (ዕቃዎቹ ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ወደ 20 የሚጠጋ ጃምፐር ሽቦ፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኤልኢዲ አንድ አንድ፣ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ሦስት፣ በዘር (የሚጮኸው ዕቃ)፣ ፑሽ በተን (የሚጫኑት ቁልፍ)፣ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከሮቶው እስከ ቤት ውስጥ የሚደርስ የኔትወርክ ኬብል፣ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥንና ሲልከን።

በዘሩን ስትገዙ አክቲቭ የሚባለውን ጠይቁ፤ 5 ቮልት ሲያገኝ በራሱ ይጮሃል። ፓሲቩ ግን ድምፁን ከኮዱ ካላገኘ ጠቅ ብሎ ዝም ስለሚል ብዙ ተማሪ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ሁለቱ ሴንሰሮች የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ጆሮ የማይሰማው 40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ይልካሉ፣ ድምፁ ከውሃው ገጽ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይሰጧችኋል። ኤችሲ-ኤስአር04 ከ2 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ይለካል፤ ነገር ግን ሁለቱ ዓይኖቹ ክፍት ናቸው። የተከደነ ሮቶ ውስጥ ሌሊት እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ይቀመጥበታል፣ ቀጥሎ እግሮቹ ይዝጋሉ፣ ቁጥሩም ይዘባርቃል። ለኤግዚቢሽን ባልዲ ጥሩ ነው፤ ሮቶ ውስጥ ግን አታስገቡት። ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ደግሞ እርጥበቱን ይችላል፣ ግን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ቅርብ ርቀት አያይም። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ሴንሰሩን ስትሰቅሉ ትመለሱበታላችሁ።

ጠረጴዛ ላይ ማገናኘትና መሞከር

የሴንሰሩን ፖዘቲቭ ከ5 ቮልት፣ ግራውንዱን ከግራውንድ፣ ትሪጉን (ድምፁን ላክ የሚባልበትን እግር) ከፒን 9፣ ኤኮውን (መልሱ የሚነበብበትን እግር) ከፒን 10 አገናኙ። ኤልኢዲዎቹ ከፒን 3፣ 4 እና 5 ተነስተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው 220 ኦም ሬዚስተር አልፈው ወደ ግራውንድ ይሂዱ። ቀይ ኤልኢዲ ራሱ 2 ቮልት ያህል ስለሚወስድ የቀረው 3 ቮልት ለ220 ሲካፈል ወደ 14 ሚሊአምፒር ይመጣል፤ ለአንድ ፒን ከሚመከረው 20 በታች ነው ማለት ነው። ሬዚስተሩን ከዘለላችሁት ኤልኢዲው ብቻ ሳይሆን ፒኑም ሊቃጠል ይችላል። በዘሩ ፒን 6 ላይ፣ በተኑ በፒን 2 እና በግራውንድ መካከል ይሁን። ረጅም ብሬድቦርድ ከሆነ የጎንና የጎኑ የኃይል መስመሮች መሀል ላይ የተቆረጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ግማሹ ሰርኪዩት ኃይል ሲያጣ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ።

ላፕቶፑ ቦርዱን አላይም ካለ ከሦስቱ አንዱ ነው። ኬብሉ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ዳታ የሚያስተላልፍ ቀይሩበት። ኮፒ ቦርዶች ብዙ ጊዜ ሲኤች340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ ስላላቸው ድራይቨሩን መጫን ያስፈልግ ይሆናል። አፕሎድ ስታደርጉ "ኖት ኢን ሲንክ" የሚል ስህተት ከመጣ ደግሞ የተመረጠውን ቦርድና ፖርት አረጋግጡ፣ ፒን 0 እና 1 ላይ የተሰካ ሽቦ ካለም ንቀሉ፤ ፕሮግራሙ ወደ ቦርዱ የሚገባው በእነዚያ ፒኖች ነው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በአንድሮይድ ስልክ በኦቲጂ ኬብል አርዱይኖድሮይድ የሚባለውን አፕ መጠቀም ይችላል። ዕቃው ገና ካልተገዛ ቲንከርካድ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሰርኪዩቱንም ኮዱንም በነፃ መለማመድ ይቻላል፤ አልትራሶኒክ ሴንሰሩም እዚያ አለ።

ኮዱ ምን ያድርግ

መሠረቱ አጭር ነው። ትሪጉን ለ10 ማይክሮሰከንድ ከፍ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ ፐልስኢን በሚባለው ትእዛዝ ኤኮው ከፍ ብሎ የቆየበትን ጊዜ ለኩ። የተገኘውን ማይክሮሰከንድ ለ58 ስታካፍሉት ርቀቱ በሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ 2,900 ካነበበ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። 58ቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 29 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ደርሶ መልስ ሲሆን 58። ፐልስኢን ላይ የጊዜ ገደቡን 30,000 ማይክሮሰከንድ አድርጉት። ካልገደባችሁት ማሚቶው ሳይመለስ ሲቀር ፕሮግራሙ እስከ አንድ ሰከንድ ሊቆም ይችላል።

አንድን ንባብ ብቻ ማመን አይገባም። ሮቶው እየሞላ ሳለ የውሃው ገጽ ይናወጣል፣ ድምፁ ወደ ጎን ይበተናል፣ አንዳንዴ 0 ይመጣል፣ አንዳንዴም ከግድግዳው ነጥሮ የተሳሳተ ቁጥር። በየ60 ሚሊሰከንዱ ሰባት ጊዜ አንብቡ፣ ዜሮዎቹን ጣሉ፣ የቀሩትን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መካከለኛውን ውሰዱ። አማካይ አትውሰዱ፤ አንድ የተበላሸ ቁጥር አማካዩን ይጎትተዋል፣ መካከለኛውን ግን አይነካውም። ከ60 ሚሊሰከንድ ፈጥናችሁ ካነበባችሁ ያለፈው ማሚቶ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል።

ሴንሰሩ የሚሰጠው ርቀት ስለሆነ ከሴንሰሩ እስከ ሮቶው ወለል ካለው ርቀት ላይ ቀንሱት፤ የውሃው ከፍታ እሱ ነው፣ ሙሉው ከፍታ ደግሞ 100 በመቶ ይሁን። ማስጠንቀቂያዎቹ መነሻና መመለሻ ይኑራቸው። ሮቶው 95 በመቶ ሲደርስ "ሞልቷል" ብሎ ይጩህ፣ ከ90 በታች እስኪወርድ ድረስ ግን ደግሞ አይጩህ። ለመጉደሉም እንዲሁ በ20 በመቶ ይጀምርና በ25 ይመለስ። እንዲህ ካልተደረገ ውሃው ድንበሩ ላይ ሲወዛወዝ በዘሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቋርጥ ያድራል፤ ቤተሰቡም በማግስቱ ይነቅለዋል። በተኑ ሲነካ ድምፁ ዝም ይበል፣ ማንም ካልነካውም ከአንድ ደቂቃ በኋላ ራሱ ያቁም። ለበተኑ ኢንፑት ፑልአፕ (የቦርዱን የውስጥ ሬዚስተር የሚያበራ ትእዛዝ) ከተጠቀማችሁ ተጨማሪ ሬዚስተር አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ግን "ውሃ መጣ" የሚለው ነው። በየደቂቃው አንድ ንባብ እየያዛችሁ የመጨረሻዎቹን አሥር አስቀምጡ። አሁን ያለው ከፍታ ከአሥር ደቂቃ በፊት ከነበረው በ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ውሃ እየገባ ነው፤ በዘሩ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ይጩህ። ጀሪካንና በርሜል የሚሞላው ያኔ ነው። ቧንቧችሁ የሚመጣው በቀጭኑ ከሆነ 3ቱን ወደ 2 ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ በታች ግን የሴንሰሩን መዋዠቅ ውሃ ያስመስለዋል። ይኸው መዝገብ በተቃራኒው ሲነበብ ፍሳሽ ያሳያል፦ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ከፍታው በዝግታ ከወረደ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የማይዘጋ የሽንት ቤት ሲስተርን አለ።

ከፍታውን ወደ ሊትር ለመለወጥ የሮቶውን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉ፤ ዲያሜትሩን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 9.5 ሊትር ያህል ነው። ጎኑ ጎድጎድ ያለ ሮቶ ከሆነ ወይም ከላይ ከጠበበ ስሌቱ ትንሽ ይስታል።

ሮቶው ላይ መስቀል

መሰላል ላይ የሚወጣው ትልቅ ሰው ይሁን፣ ከታችም የሚይዝለት አይጥፋ። ክዳኑን አውርዳችሁ መሬት ላይ ብሱት፤ ሮቶው ላይ እንዳለ ከተበሳ ፍቅፋቂው የምትጠጡት ውሃ ውስጥ ይገባል። ሴንሰሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመልከት። ጥቂት ዲግሪ እንኳ ካዘነበለ ማሚቶው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድበታል። ከሮቶው ግድግዳ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከታቹም ውሃ የሚገባበት ቧንቧና ተንሳፋፊው ኳስ አይኑሩ። ውሃው እየጎደለ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከቀረ ሴንሰሩ ውሃውን ትቶ ኳሱን ወይም ቧንቧውን እያነበበ ነው።

አሁን 25ቱን አስታውሱ። ሮቶው ጢም ሲል ውሃው ከሴንሰሩ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ አለበት። ክዳኑ ዝቅ ያለ ከሆነና ይህ ርቀት ካልተገኘ በጠባብ ቱቦ ከፍ ልታደርጉት አትሞክሩ፤ የቱቦው ጠርዝ ራሱ ማሚቶ ይመልሳል። ይልቅ "ሞልቷል" የሚለውን ማስጠንቀቂያ ውሃው ሴንሰሩ ጋ ለመድረስ 27 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው እንዲጮህ አድርጉት። ቀደም ብሎ ይጮሃል እንጂ አይዋሽም። ክዳኑን በሲልከን ስታሽጉ የሴንሰሩን ፊት እንዳትቀቡት፤ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው።

አርዱይኖው ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ከሴንሰሩ ራስ እስከ አብራው የምትመጣው ትንሿ ቦርዱ ያለውን ኬብል አትቆርጡት፣ አታስረዝሙትም፤ በዚያ መስመር የሚመለሰው ምልክት ደካማ ነው። ቦርዷን በፕላስቲክ ሣጥን ከሮቶው አጠገብ፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኛት ቦታ አስቀምጡ፣ የኬብሉ መግቢያም ከሣጥኑ ከታች በኩል ይሁን። ከዚያ ወደ ቤት የሚመጣውን በኔትወርክ ኬብል ውሰዱት። ስምንቱ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙ ናቸው፤ ትሪጉን ከአንድ ግራውንድ ጋር በአንድ ጥንድ፣ ኤኮውን ከሌላ ግራውንድ ጋር በሌላ ጥንድ፣ 5 ቮልቱንም እንዲሁ ከግራውንድ ጋር አድርጉ። ትሪግና ኤኮ በአንድ ጥንድ ከገቡ አንዱ በሌላው ላይ ይጮሃል፣ ሴንሰሩም ውሃው ሁልጊዜ በአንድ ርቀት ላይ ያለ ያስመስላል። 100 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር በሴንሰሩ ቦርድ 5 ቮልትና ግራውንድ መካከል አስገቡ፤ ነጭ ምልክት ያለበት እግሩ ወደ ግራውንድ ነው።

ኃይል ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር በዩኤስቢ ይበቃል። ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ አትግዙ፤ ኡኖ ብቻውን ወደ 50 ሚሊአምፒር ስለሚወስድ በአንድ ቀን ውስጥ ያልቃል። መብራት ሲጠፋ እንዲቀጥል ፓወር ባንክ ከተጠቀማችሁ ሌላ ጣጣ አለ፦ ብዙዎቹ የሚሳበው ኃይል አነስተኛ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። የማያጠፋ ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ ለአንድ ሰዓት ሞክሩት።

ፓምፑንም በሪሌ (በኤሌክትሪክ ምልክት በሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ራሱ ያብራና ያጥፋ የሚል ሐሳብ ይመጣላችኋል። 220 ቮልት ነውና ያለ ኤሌክትሪሽያን አትንኩት። ሞተር ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፤ 10 አምፒር የተጻፈበት ትንሽ ሪሌ ውስጡ ተጣብቆ ይቀርና ፓምፑ ሳይጠፋ ያድራል።

ኤግዚቢሽን ላይ

ባልዲና ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቀድማችሁ ውሃውን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ እየጨመራችሁ በሜትር የተለካውንና ሴንሰሩ ያነበበውን ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ጻፉ፣ ልዩነቱንም በሦስተኛ ረድፍ። ዳኛ የሚያምነው ከሚያብረቀርቁት መብራቶች ይልቅ ይህን ወረቀት ነው። የሳተበትን ቦታ አትደብቁ፤ ለምን እንደሳተ ማስረዳት ከቻላችሁ ነጥብ ያስገኛል።

"አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ሳለ 343ቱ ይሠራል ወይ?" የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ ይሠራል ነው። የድምፅ ፍጥነት በአየሩ ግፊት ሳይሆን በሙቀቱ ይለወጣል። በ10 ዲግሪ በሰከንድ 337፣ በ40 ዲግሪ 355 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ፀሐይ ያጋለው ጥቁር ሮቶ ውስጥ የቀትርና የሌሊት ሙቀት በ20 ዲግሪ ከተለያየ ንባቡ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ በምሳሌው ሮቶ 33 ሊትር ያህል ማለት ነው። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ከ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር ጨምራችሁ ፍጥነቱን 331.3 ሲደመር 0.606 ጊዜ ሙቀቱ ብላችሁ ብታሰሉት ይህ ስህተት በአብዛኛው ይወገዳል። "ውሃ መጣ" የሚለው ክፍል ግን ይህ ባይኖርም አይቸገርም፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ያን ያህል አይለወጥም።