ሰፊ ካታማራን ለመጫን፦ የሚዘነበል ተጎታች አሠራር

ቶርናዶ የምትባለው የውድድር ካታማራን (ሁለት ገላ ጎን ለጎን የተያያዙባት የሸራ ጀልባ) ወርዷ 3.05 ሜትር ነው። አውሮፓ መንገድ ላይ የሚፈቀደው ደግሞ 2.55። ስለዚህ ወይ ትፈቷታላችሁ ወይ አዘንብላችሁ ትጭኗታላችሁ። እኔ ማዘንበሉን እመርጣለሁ፣ ብሎን ስፈታ መዋል አልወድም።

መጀመሪያ ሒሳቡ። 45 ዲግሪ ላይ 3.05ቱ ወደ 2.16 ይወርዳል፤ ግን አትቸኩሉ፣ የጀልባዋ ገላ ራሱ ቁመት ስላለው እሱም ወደ ጎን ይጨምራል፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ በልኩ ሳሉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ።

ከዚያ ከቱቦላሬ ሁለት ፍሬም ይበየዳል፦ የታችኛው ከአክስሉ ጋር ቋሚ፣ የላይኛው በአንድ ጎኑ በማጠፊያ የሚነሳ። ዋናው ነገር የማጠፊያው ቦታ ነው። ክብደቱ በሁለቱ ጎማዎች መሀል ማረፍ ያለበት ጀልባዋ ስትዘነበል እንጂ ስትተኛ አይደለም። መንገድ የምትወጣው እንደዚያ ሆና ነዋ! የመኪናው መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሁን።

ለማንሳት የእጅ ዊንች (በእጅ እየተዞረ ገመድ የሚጠቀልል መጎተቻ) ይበቃል። ጉዞ ላይ ግን የዊንች ገመድ አይታመንም፤ ሁለት ደጋፊ ብረት አቁሙና በወፍራም ስፒና ቆልፉት። የሸራው ምሰሶ አስቀድሞ ወርዶ ለብቻው ይታሰራል። በሁለቱ ገላዎች መሀል የተወጠረውን ጨርቅም ከቻላችሁ አውልቁት፣ የጎን ንፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ነው የሚገፋው።