ራጁን ስንፈራ ብረቱን እንዳንዘነጋ

ደሴ ውስጥ ራጅ ተነስቶ የመጣን ሰው «ዛሬ ሕፃኑን አትቀፈው» የሚሉ እናቶች ያጋጥማሉ። ፍርሃቱ ከፍቅር ነው፤ ግን ቦታውን ስቷል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፦ ራጅ ሰውነት ውስጥ ይቀራል ማለት። አይቀርም። ማሽኑ ጨረር የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሲጠፋ ጨረሩም አበቃ። ራዲዮአክቲቭ የሚባለው ግን ማንም ሳያበራው ከራሱ አተም ጨረር የሚያወጣ ነገር ነው። ማጥፊያ የለውም። ለታይሮይድ ሕመም ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የዋጠ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ራቅ በል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ጨረር ያለው ሆስፒታል ብቻ ይመስለናል። ከአፈርም፣ ከድንጋይም፣ ከሰማይም ይመጣል። ደሴ ከፍ ስለምትል ከሰማይ የሚደርሳት ጨረር ከኮምቦልቻ ትንሽ ይበልጣል። የዓለም ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ያህል ከተፈጥሮ ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ገደማ ነው። ሐኪም ሳንባህ ይታይ ካለ ፈርቶ መቅረት ይጎዳል። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሊጠጋ ስለሚችል ያለ ምክንያት አይደጋገም። እርጉዝ ከሆኑ አስቀድመው ይናገሩ።

ተማሪዎች ደግሞ ግማሽ ዕድሜ ላይ፣ ማለትም ራዲዮአክቲቭ ነገር በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ላይ፣ ይሳሳታሉ። ኮባልት-60 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ብረት በ5.3 ዓመት ግማሹ ይቀራል። በ10.6 ዓመት ሩቡ ይቀራል እንጂ አያልቅም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፦ ምንነቱ ያልታወቀን ብረት መፈልቀቅ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ቁርጥራጭ ብረት ይገዛባታል፣ ይሸጥባታል። በ1987 እ.ኤ.አ. ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የካንሰር ሕክምና ማሽን ክፍል ፈተው ለብረት ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ ሲዚየም-137 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር ነበር። ዱቄቱ በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ ሰው ተገርሞ ለዘመድ አከፋፈለው፤ ገላውን የተቀባበትም ነበር። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች። 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። ጨረር አይሸትም፣ ሲነካም ወዲያው አያቃጥልም፤ ማስመለሱና ቁስሉ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ስለዚህ ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ ዕቃ ወይም መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ካያችሁ አትቁረጡት፣ አትቀጥቅጡት፣ ወደ ማቅለጫም አትላኩት። ራቁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ልጆችን አርቁና ለፖሊስ ንገሩ። የነካው ሰው እጁን ሳይታጠብ አይብላ፤ ልብሱንም አውልቆ ለብቻው በፌስታል ይቋጥረው።