የመኪናውን የፍጥነት ሴንሰር ከመቀየራችሁ በፊት

የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሹፌር «ፍጥነት መቁጠሪያው ዜሮ ላይ ቀረ» ይለኛል። እባካችሁ፣ አዲስ ሴንሰር ለመግዛት አትሩጡ።

ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ላይ ይታሰራል። የሚሽከረከረው ጥርስ ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ኮምፒውተሩ ምቱን ቆጥሮ ፍጥነቱን ያውቃል።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ባለፈው ክረምት አንዱ ላይ ያገኘሁት ጭቃና አረንጓዴ ዝገት ብቻ ነበር። በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፣ ሠራ። የሴንሰሩን ጫፍም እዩ፤ የብረት ብናኝ ይይዛል።

ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ ማግኔት ከሆነ ማርሹን ኒውትራል አድርጉ። አንዱን የሚነዳ ጎማ አንሱ፤ ሌሎቹን በድንጋይ ደግፉ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ጎማውን ፈጠን አድርጋችሁ አዙሩ። የቴስተሩ ንባብ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሴንሰሩን ጠርጥሩ። ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ኤሌክትሪክና ግራውንድ (ኔጋቲቩ) መድረሱን ለኩ።