መኪና አምራቾች ከማኅበራቸው ሲጣሉ፦ ዜናውን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ የመኪና ጭስ ሕግ በተረቀቀ ቁጥር አንድ አርዕስት አይቀርም፦ «የመኪና ኢንዱስትሪው ሕጉን ተቃወመ»። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እበሳጫለሁ። ኢንዱስትሪው አንድ አፍ የለውም። ያለው ማኅበር ነው፤ በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ ጥቅማቸው የማይገናኝ ድርጅቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት የማኅበሩን መግለጫ የአባላቱ ሁሉ ቃል አድርጎ መቀበል ነው። አውስትራሊያ በ2024 ዓ.ም. የአዳዲስ መኪኖችን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት የሚገድብ ሕግ ስታረቅቅ የአገሪቱ የመኪና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ዋጋ ይንራል ብሎ ተነሣ። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ አንድም የቤንዚን መኪና የማይሸጠው ቴስላ ነበረ፤ ገበያቸው በትልልቅ ፒክአፖች ላይ የቆመ ኩባንያዎችም ነበሩ። በመጋቢት ወር ቴስላ አባልነቱን ተወ፤ ሌላው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ፖልስታርም ወዲያው ተከተለው። ቴስላ ምክር ቤቱ ስለ ዋጋ ለሕዝብ የተናገረው ሐሰት ነው በማለት የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንዲመረምር ጠየቀ።

ሁለተኛው ስህተት ገንዘብ ያለበት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ምክር ቤቱ አንዳንድ ሞዴሎች ከ10,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሊወደዱ እንደሚችሉ ሲናገር ብዙ ሰው ቅጣቱን በእያንዳንዱ መኪና ዋጋ ላይ ደመረው። ሕጉ ግን የሚለካው አንዱን መኪና ሳይሆን ኩባንያው በዓመቱ ያቀረባቸውን መኪኖች አማካይ ነው። ለ2025 ዓ.ም. ለመንገደኛ መኪኖች የተቀመጠው ወሰን በኪሎ ሜትር 141 ግራም ነው፤ ከዚያ ለሚያልፍ እያንዳንዱ ግራም በአንድ መኪና 50 ዶላር ይከፈላል። በኪሎ ሜትር 200 ግራም የሚለቅ መኪና እንውሰድ። ወሰኑን በ59 ግራም አልፏል፤ ብቻውን ቢቆጠር ቅጣቱ 2,950 ዶላር ነው። ያው ኩባንያ ከእርሱ ጋር አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከሸጠ ግን የሁለቱ አማካይ 100 ግራም ይሆናል። ቅጣቱ ቀረ፤ እንዲያውም ትርፍ ክሬዲት፣ ማለትም ወሰኑን ላላለፈ የሚሰጥና ለሌላ አምራች ሊሸጥ የሚችል ነጥብ፣ ተገኘ። በእርግጥ የመኪናው ክብደት ስለሚታሰብ ትክክለኛው ስሌት ከዚህ ይወሳሰባል፤ ዝቅተኛ ልቀት ያለው ሞዴል ያላዘጋጀ ኩባንያም ወጪ አይቀርለትም። ነገር ግን «ይህ መኪና በዚህን ያህል ዶላር ይወደዳል» የሚል ዝርዝር ስናይ ከአማካዩ የተነሣ ስሌት ነው ወይስ ከአንዱ መኪና ብለን መጠየቅ አለብን። ቤተሰብ ቆጥቦ መኪና የሚገዛው እንዲህ ያለውን ቁጥር አምኖ ነው፤ ቁጥሩ የሚያስቆጣኝም ለዚህ ነው።

ሌላው ስህተት ለቆ የወጣውን ጻድቅ ማድረግ ነው። ቴስላ በ2023 ዓ.ም. ብቻ ለሌሎች አምራቾች ክሬዲት በመሸጥ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.79 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር አስገብቷል። ጠንካራ ሕግ ለእርሱ ገበያ ነው። ይህ ክርክሩን ሐሰት አያደርገውም፤ ጥቅሙን ግን አብረን ልናይ ይገባል። የአውሮፓን የመኪና አምራቾች ማኅበር ደግሞ ተመልከቱ። በ2022 ዓ.ም. ክረምት የፔጆና የፊያት ባለቤት ስቴላንቲስና ቮልቮ ካርስ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት እንደሚወጡ አስታወቁ። ቮልቮ በ2030 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ እሆናለሁ ይል ስለነበር የማኅበሩ አቋም ለእርሱ የዘገየ ነበር። የስቴላንቲስ የዚያን ጊዜ ኃላፊ ካርሎስ ታቫሬስ በበኩላቸው የኤሌክትሪክ መኪናን የመረጡት ፖለቲከኞች እንጂ ኢንዱስትሪው አይደለም ብለው በአደባባይ ይተቹ ነበር። በአንድ በር የወጡ ሁሉ መንገዳቸው አንድ አይደለም። ከዚያስ? ቮልቮ በመስከረም 2024 ዓ.ም. የ2030 ግቡን አላላ፤ ስቴላንቲስ በ2025 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመለሰ።

በአባልነት የቀረውን ሁሉ ከማኅበሩ አቋም ጋር መደመርም እንዲሁ ያሳስታል። በሐምሌ 2019 ዓ.ም. ፎርድ፣ ሆንዳ፣ ፎልክስዋገንና ቢኤምደብሊው ከየማኅበራቸው ሳይወጡ ከአሜሪካዋ ግዛት ከካሊፎርኒያ ጋር የልቀት ስምምነት አደረጉ። ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ ደግሞ በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ የራሷን የልቀት ሕግ የማውጣት መብቷን በሚመለከተው የፍርድ ቤት ክርክር ይህን መብት ከሚቃወመው ከትራምፕ አስተዳደር ጎን ቆሙ። ጄኔራል ሞተርስ ከዚያ ወገን የወጣው በኅዳር 2020 ዓ.ም. ምርጫው ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ቶዮታ በየካቲት 2021 ዓ.ም. ተከተለ። አቋም ሲለወጥ ቀኑን አይቶ ማን ሥልጣን ላይ እንዳለ ማገናዘብ ይጠቅማል።

ጠቡ አዲስ ነው ብሎ ማሰብም ስህተት ነው፤ አዲሱ ነገር በአደባባይ መውጣቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊሸከመው የሚያፍርበት አቋም በማኅበር ስም ሲነገር ይቀላል። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የአገሪቱን የመኪና አምራቾች ማኅበር ከጄኔራል ሞተርስ፣ ከፎርድ፣ ከክራይስለርና ከአሜሪካን ሞተርስ ጋር ከስሶ ነበር። ክሱ የጭስ መቀነሻ መሣሪያዎች እንዲዘገዩ ተመሳጥረዋል የሚል ነበር፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት ያለ ሙግት በስምምነት ተዘጋ።

በመጨረሻም፣ አባል ጥሎ ሲወጣ ማኅበሩ ተሸነፈ ብሎ መደምደም አይገባም። አውስትራሊያ ውስጥ ቴስላ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 26 ቀን 2024 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ የተሻሻለውን ረቂቅ ሲያቀርቡ የቴስላም የቶዮታም ተወካዮች አብረዋቸው ተገኙ። በመጀመሪያው ሐሳብ 100 ዶላር የነበረው ቅጣት ወደ 50 ወርዷል። እንደ ላንድክሩዘር ያሉ ከባድ መኪኖችም የ2025 ወሰኑ 210 ግራም ወደሆነው ወደ ቀላል የንግድ ተሽከርካሪዎች ምድብ ተዛውረዋል።