የቤትን የቧንቧ መስመር ለአካባቢ ተስማሚ ማድረግ፦ ከየት ይጀመራል?

ውሃ ለመቆጠብ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ አዲስ ዕቃ ወደ መግዛት ይሮጣል፤ ነገር ግን ቀዳሚው ሥራ ያለውን መስመር መፈተሽ ነው።

ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ውሃ ሳይነካ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላም ደግመው ያንብቡ። ቁጥሩ ከተለወጠ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በታችኛው የጎማ መዝጊያ ሾልኮ የሚወጣው ውሃ ድምፅ ሳያሰማ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መስመር ስለሚገባ፣ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ጥቂት የምግብ ቀለም ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምረው፣ ውሃ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው አርጅቷል ወይም ቆሻሻ ይዞት በደንብ አይገጥምም። ጎማው ርካሽ ነው፤ የማጠራቀሚያውን ውሃ መግቢያ ዘግቶ መቀየርም አብዛኛው ሰው በራሱ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው። መቀመጫው ራሱ አሮጌ ከሆነና በአንድ ጊዜ 13 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚለቅ ከሆነ ግን፣ 6 ሊትር ወይም ከዚያ በታች በሚለቅ፣ በተለይም ባለ ሁለት ቁልፍ በሆነ ዓይነት መተካቱ ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።

ሻወሩን በባልዲ ይለኩ፤ በአንድ ደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ከሞላ የሻወሩን ራስ በቆጣቢ ይቀይሩ። ውሃ የሚያሞቁት ሻወሩ ላይ በተገጠመ ማሞቂያ ከሆነ ግን፣ ማሞቂያው የሚፈልገውን ዝቅተኛ የውሃ ፍሰት አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሙቅ ውሃ ከውሃው ሌላ ኃይልም ስለሚበላ፣ ከቦይለሩ የሚወጣውን ቱቦ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሜትሮች፣ ሙቀት በሚይዝ ስፖንጅ መሸፈን ይገባል። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል የቦይለሩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ማውረድን ግን አልመክርም፤ ለብ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ሌጅዮኔላ የተባለው፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ይራባልና።

የገላና የልብስ እጣቢ ለአትክልት ሊውል ይችላል፤ ሆኖም ሳያድር በዚያው ቀን መጠቀም፣ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ላይ አለማፍሰስ፣ በረኪና የገባበትንም መለየት ያስፈልጋል። የእጣቢው መስመር ከንጹሕ ውሃው መስመር ጋር በምንም መልኩ መገናኘት የለበትም።

ፍሳሽ ሲዘጋ ደግሞ አሲድ ከማፍሰስ በፊት የጎማ መምጠጫ ወይም የመጥረጊያ ሽቦ ይሞክሩ። የምግብ ዘይትም በሲንክ ከመድፋት ይልቅ በዕቃ አጠራቅሞ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማስወገድ ይሻላል።